የደመቀ ስም በጌድዮን ጌም ቤት

እኔ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነኝ። ሰው ሲያርፍ ገና ሳይነጋ ጡሩምባዬን ይዤ እየዞርኩ፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ እናገራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ይህን ከፊት የነገርኳችሁ ለሌላ አይደለም፣ ልጆቼ፤ ጥሩብርሃን ሌላውን ሁሉ ሽማግሌ ትታ ወደ እኔ የመጣችው በዚሁ ሥራዬ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ጥሩብርሃን የደመቀ ባለቤት ናት። ደመቀ ደግሞ አየር ጤና ታክሲ ተራ የአስኮን መስመር ያስከብር የነበረው፣ ያ ግዙፍ ሽበታም ሰውዬ ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ሚኒባሶቹን ወዲህ በሉ ወዲያ በሉ ሲል የኖረ ሰው። ስኳር ነበረበት። ኅዳር መግቢያ ላይ በሦስት ቀን ሕመም አረፈ። ጡሩምባውን የነፋሁት እኔ ነኝ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃን ጥቁሯን ለብሳ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ደመቀ ሞተ ብለው የለፈፉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ፣ ጥሩዬ።»

«እንግዲያው ጌድዮን ጋ ይሂዱና ለነሱም ይንገሩልኝ። እነሱ አልሰሙም መሰለኝ።»

ጌድዮን ከጥሩብርሃን ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጌም ቤት አለው። ልጅ እለዋለሁ እንጂ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጴንጤ ነው፣ ጸሎተኛ ነው፤ እሁድ እሁድ ቤቱን ዘግቶ ቸርች ጊታር ይመታል። በእሱ ቤት ስድብ ክልክል ነው፣ ሲጋራ ክልክል ነው፣ ጫት ክልክል ነው። ድብድብ ግን ይፈቀዳል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እስከሆነ ድረስ።

ስለ ጌሙ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ። ሁለት የድብድብ ጌሞች ነበሩ፤ የሠሯቸውም ሁለት ባላንጣ ኩባንያዎች ናቸው። ልጆቹ የእንግሊዝኛ ስማቸውን ትተው በሽፋናቸው ቀለም ቀዩና ሰማያዊው ይሏቸዋል። ቀዩን የለመደ ሰማያዊውን በእጁ አይነካም። ከአስፋልቱ በላይ ያሉት ቀይ ነበሩ፣ ከአስፋልቱ በታች ያሉት ሰማያዊ። ጌድዮን ቤት ውስጥ አንዱ ቡድን በአንዱ ቴሌቪዥን፣ ሌላው በሌላው ቴሌቪዥን፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ዓመታቸውን ገፉ። «የናንተ የሕፃን ጨዋታ ነው» ይላሉ እነዚህ። «የናንተስ? ዝም ብሎ ቁልፍ መቀጥቀጥ» ይላሉ እነዚያ።

ዘንድሮ ኩባንያዎቹን ምን እንዳስማማቸው እንጃ፣ የሁለቱንም ተደባዳቢዎች ሰብስበው አንድ ጌም ሠሩ። ልጆቹ ጥምሩ ይሉታል። ጥምሩ ላይ አንድ ቡድን ሁለት ሰው ነው፤ ሁለት ተደባዳቢ ይይዛሉ፣ አንዱ የግድ ከቀዩ አንዱ የግድ ከሰማያዊው መሆን አለበት። አንዱ ተመትቶ ሲደክም ቁልፍ ይነካና ሌላው ዘሎ ይገባለታል። በዚህ የተነሳ ጀርባ ለጀርባ የኖሩት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ለመቀመጥ ተገደዱ። መጀመሪያ ሰሞን ለመነጋገርም ተቸግረው ነበር አሉ።

ደግሞ በጌድዮን ቤት አንድ ልማድ አለ። ተደባዳቢዎቹ በራሳቸው ስም አይጠሩም፤ ማን እንደጀመረው ባይታወቅም ሁሉም በሰፈር ሰው ስም ተሰይመዋል። የቀዩ ጌም ክንደ ወፍራም ሴትዮ የወፍጮ ቤቷ እሙ ናት። እዚያው ቀዩ ውስጥ አንድ ግዙፍ ሽበታም አለ፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ሲያሸንፍ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። እሱ ደመቀ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በሰማያዊው ውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን ረጅም አለ፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ በእግሩ ብቻ የሚማታ። እሱን የኔሰው አሉት።

የኔሰውም የራሳችን ሰው ነው። እዚያው አየር ጤና የመርካቶን መስመር ያስከብራል፤ ፎጣ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ከደመቀ ጋር ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ጠባቸው የአስኮ ሰልፍ የት ያልቃል፣ የመርካቶ ሰልፍ ከየት ይጀምራል የሚል ነው። እዚያ መሃል የቆመ አንድ የመብራት እንጨት አለ፤ ደመቀ በኔ በኩል ነው ይላል፣ የኔሰው በኔ በኩል ነው ይላል። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ተቀምጠናል፣ አልሆነም። እድር ላይ አንዱ ከድንኳኑ ወዲህ ጫፍ፣ ሌላው ከወዲያ ጫፍ ነበር የሚቀመጡት። ደመቀ ሲሞት የኔሰው ቀብር መጥቷል። ለቅሶ ቤት ግን አልገባም፤ በር ላይ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። በሳምንቱ የአስኮን መስመር ደርቦ ያዘ። ሰው ስለጠፋ ማኅበራቸው አዞት ነው እንጂ እሱ ፈልጎት አይደለም። ቢሆንም ጥሩብርሃን ያየችው እንደዚያ አይደለም።

እንግዲህ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ የምትሰማውን አስቡት። ጥምሩ ከመጣ ወዲህ የጌድዮን ቤት ምርጥ ጥንድ ደመቀና የኔሰው ሆነዋል። ሽበታሙ መሬት በነካ ቁጥር ቤቱ ባንድ ድምፅ ይጮሃል፦ «ደመቀ ወደቀ! የኔሰው፣ ግባለት!»

«ጌም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለችኝ። «ሰባት ዓመት አጠገባቸው ኖሬያለሁ። ክፋትም የላቸውም፣ ቀብሩ ላይ ድንኳን የተከሉት እነሱ ናቸው። ግን ጋሽ ወንድሙ፣ እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ። እነሱ ጋ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይወድቃል። በዚያ ላይ ማን ይግባለት ይላሉ? የኔሰው! ለአርባው ካህናት ጠርቼ ፍትሐት እየተደረገ፣ ደመቀ ወደቀ ይባልልኝ? ስሙን ይተዉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጋቢዬን ደርቤ ሄድኩ።

ጌም ቤቱ ስገባ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። እኔን ሲያዩ ሁሉም ጆይስቲካቸውን አስቀመጡ። ይህ የሥራዬ ጣጣ ነው፣ የትም ስገባ እንደዚያ ነው።

«አባባ፣ በሰላም ነው?» አለ ጌድዮን ወንበር እየሳበልኝ። «ማን አረፈ?»

«ደመቀ።»

ተያዩ። «እሱማ... አባባ፣ ጋሽ ደመቀን ከቀበርን ሁለት ሳምንት አለፈ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ መጃጀቴን የፈራ መሰለኝ።

«እናንተ ጋ አልሞተም ብላ ጥሩብርሃን ልካኝ ነው» አልኩና መልእክቱን እንዳለ ነገርኳቸው።

ክብሮም አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። ክብሮም የጋራዥ ሠራተኛ ነው፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ አይጠፋም፤ ሰማያዊውን ሲጫወት የኖረና የኔሰውን የሚይዝ እሱ ነው።

«አባባ፣ ትናንት ያወጣነው ስም ቢሆን እኮ ዛሬ እንተወው ነበር። ስንት ዓመቱ ነው!»

«ራሱም ያውቅ ነበር» አለች ሳምሪ። ሳምሪ አየር ጤና ሞባይል የምትሸጥ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ቀዩን በመጫወት አቻ የላትም፣ ደመቀን የምትይዘው እሷ ናት። «አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያየው ዋለና፣ ‹ሰውዬው ጥሩ ነው፣ ግን ፂሙን ተላጭ በሉት፤ እኔ በየሳምንቱ ነው የምላጨው› ብሎን ሄደ።»

ሳቁ። ወዲያው ግድግዳው ትዝ አላቸውና ዝም አሉ።

«በቃ፣ ሽበቱ እንበለው» አለ አንዱ።

«እስቲ ሞክሩት» አልኩ።

ሳምሪና ክብሮም ተቀመጡ፣ ሌሎች ሁለት ተቃራኒ ሆኑላቸው። ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ሄደ። «ሽበቱ በለው፣ ሽበቱ ዝለል» ይላሉ ተጠንቅቀው፣ ፈተና ላይ ያሉ ይመስል። ከዚያ አንዱ ከኋላ መጥቶ ሽበታሙን ሲያነሳው ክብሮም «ኧረ ደመቀ ከኋላህ!» ብሎ አረፈው። አፉን በመዳፉ ያዘ። ቤቱ በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አይሆንም» አለ ጌድዮን። «አፋችን አይታዘዝልንም። ስሙን ከምንተው ሰውዬውን ብንተወው ይሻላል። ለቅሶ ቤት አጠገብ ቴፕ ይከፈታል እንዴ? አይከፈትም። እስከ አርባው ማንም አይያዘው።»

ሳምሪ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጌዲ! ቅዳሜ አስኮዎች ለውድድር ይመጣሉ! ያለ ደመቀ ምኔን ይዤ ልግባ?»

«እሙን ያዢ።»

«እሙ? እሙ እኮ ቡጢ እስክትሰነዝር ሰው ምሳ በልቶ ይመለሳል!»

«እንግዲያው አንቺ ቀደም ብለሽ ሰንዝሪያ።»

እንደዚያ ሆኖ ተወሰነ። ለጥሩብርሃን ነገርኳት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ግድግዳውም ጸጥ አለ።

በነጋታው ለራሴ ጉዳይ አየር ጤና ወርጄ ነበር። የኔሰው በሁለቱ ሰልፎች መሃል ሲመላለስ አየሁት፤ አንዴ ወደ መርካቶው፣ አንዴ ወደ አስኮው። ድምፁ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ አስኮ ነዎት? ከፊት ላስገባዎት።»

«የትም አልሄድም» አልኩት። እዚያው ቆሜ የሆነውን አወራሁት። ስሙ ጌም ቤት እንደሚጠራ ያውቃል፤ አንዳንዴ ረዳቶቹ ራሳቸው ያሾፉበታል።

«እና ደመቀን አወጡት?»

«እስከ አርባው።»

ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ፊቱን ጠረገ። «እንግዲያው እኔንም ያውጡኝ።»

«አንተ ምን ሆንክ? በሕይወት አለህ።»

«ብቻዬን እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለና ዞረ። «አስኮ! አስኮ አንድ ሰው! እናት፣ አንቺ ነሽ፣ ግቢ!»

ቀልዱን ይሁን ምሩን አልለየሁም። ለማንም ሳልናገር ቆየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጌድዮን ራሱ ጥሩብርሃን ቤት ገባ። በሐዘን ቤት አጠገብ ውድድር ማድረግ ከብዶት ነበር። «እትዬ ጥሩ፣ ይቅር ካሉ እንሰርዘዋለን፤ ለአስኮዎቹ እኔ እደውላለሁ» አላት።

«አትሰርዝ። እኔ ራሴ መጥቼ እቀመጣለሁ። ቃላችሁን ትጠብቁ እንደሆነ በጆሮዬ ልስማ።»

ስምንት ሰዓት ላይ የራሷን በርጩማ ይዛ መጣች። አጠገቧ እንድሆን ስለፈለገች እኔም ተቀመጥኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ከአስኮ ብቻ አሥራ አምስት ሰው መጥቷል። የአስኮ ጥንድ ቡልቻ የሚባል ረጅም የኮሌጅ ተማሪና ሀይፋ የምትባል ሂጃብ የለበሰች ልጅ ናቸው። ውድድሩ ሦስት ግጥሚያ ነው፤ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ተደባዳቢ እንደገና ይመረጣል። አንደኛው ወገን የያዘውን ሌላው መያዝ አይችልም።

ሳንቲም ተጣለ፣ መጀመሪያ የመምረጥ ዕጣ ለአስኮ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ የተደባዳቢዎቹ ፊት በሰልፍ ተደርድሯል። ቡልቻ በፊቶቹ ላይ እየተራመደ መጣ፣ መጣና ሽበታሙ ላይ ቆመ።

ሳምሪ «ውይ» አለች።

«ምነው?» አለ ቡልቻ። «ፓፓን መያዝ አይቻልም?»

አስኮዎች ፓፓ ነው የሚሉት። ጌድዮን ምን ይበል? አትያዙት የሚለው የቤቱ ሰዎች በመካከላቸው ያደረጉት ነገር እንጂ የውድድር ሕግ አይደለም። ለእንግዳ አልተነገረም። እነሱ ደመቀን ትተውት ሌላ ሰው ሊያነሳው እንደሚችል፣ ልጆቼ፣ ከመካከላችን ማንም አላሰበውም ነበር። ሐዘን ስንቀመጥ አስኮም አብሮን የሚቀመጥ መስሎን ነበር።

«ይቻላል» አለች ሳምሪ። እሷ እሙን ያዘች፣ ክብሮም እንደ ልማዱ የኔሰውን።

ጨዋታው ተጀመረ። ጥሩብርሃን ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰምታ እንጂ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ትንሽ ቆይታ በክርኗ ነካችኝ።

«ያ ጃኬት የለበሰው ማነው?»

«የአስኮዎች ነው።»

«የማን ነው አላልኩም፣ ጋሽ ወንድሙ። ማነው ነው ያልኩት።»

የሰው ስም ሰውሬ አላውቅም። «እሱ ነው፣ ጥሩዬ።»

ሽበታሙ እሙን በአንድ ክንዱ አንስቶ መሬት ላይ ጣላትና አንድ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ጥሩብርሃን ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። አለቀሰች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ጃኬቱ አዲስ ነው እንጂ...» አለች ለራሷ።

እሙ ደከመች። ሳምሪ ቁልፉን ነካችና ቀጭኑ ረጅም ሰውዬ ከነፎጣው ዘሎ ገባ። ማንም አልጮኸም፤ ሁሉም አፉን ይዞ ነው። የኔሰው ሽበታሙን አንዴ በእግሩ ጆሮ ግንዱን አለው። ዞር ሲል ጠብቆ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ጥሩብርሃን ከበርጩማዋ ጫፍ ደርሳለች።

«ያኛው ማነው? አይ፣ ይተዉት አይንገሩኝ፣ ፎጣውን አየሁት! ያው ነው! በቁሙም እንዲህ ነው፣ ዞር እስኪልለት ጠብቆ!»

«ጥሩዬ፣ ቀስ...»

«ከኋላህ ነው! ደመቀ! ኧረ ከኋላህ! ዙርና በለው!»

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያት። የአስኮ ልጆች ግን ነገሩን ስለማያውቁ፣ አንዲት እናት ከሠፈሯ ተለይታ እነሱን መደገፏን አይተው በደስታ አበዱ። «ፓፓ! ፓፓ! ፓፓ!»

«ፓፓ አይደለም» አለቻቸው ጥሩብርሃን። «ደመቀ ነው።»

«ደ-መ-ቀ! ደ-መ-ቀ!» አሉ አሥራ አምስቱም።

ክብሮም እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ለመለየት ያስቸግራል፤ ጣቱ ተሳሰረ። ደመቀ የኔሰውን አንስቶ ጣለው። ሳምሪ እሙን መልሳ አስገባች። ያን ጊዜ ሀይፋ የያዘችው ወድቆ ነበር፣ ሽበታሙም ጉልበቱ ተሟጦ አንዲት ቀይ መስመር ብቻ ቀርታዋለች። አንድ ቡጢ ይበቃዋል። ሳምሪ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምቺው እንጂ! ምን ሆነሻል?» አለ ክብሮም።

«እትዬ ጥሩ...» አለች ሳምሪ ከቴሌቪዥኑ ሳትዞር።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ጨዋታሽን ተጫወቺ።»

መታችው። ሽበታሙ ቀስ እያለ ወደቀ፤ ጌሙ የመጨረሻዋን አወዳደቅ አዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ያሸነፍነው እኛ ነን፣ የጨበጨበ ግን አልነበረም።

«አሁን ይነሳል?» አለች ጥሩብርሃን።

«ይነሳል፣ እትዬ» አለች ሳምሪ። «ለሚቀጥለው ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚገባው። ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«ስትጮኹለት ነው የሚነሳው?»

«አይደለም። እኛ ዝም ማለት አቅቶን ነው የምንጮኸው።»

ጥሩብርሃን ወደ ቡልቻ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ማነው ስምህ?»

«ቡልቻ እባላለሁ፣ እማማ።»

«ቡልቻዬ፣ ያ የያዝከው የባለቤቴን ስም የያዘ ነው። እነዚህ ልጆች ናቸው ያወጡለት። ተዉት ብዬ አስተውኳቸው፤ አሁን ሳየው ግን እናንተ ጋ መሆኑን አልወደድኩትም። የናንተን መስመር ሃያ ዓመት ሠርቷል፣ ይበቃዋል። ለኛ ልቀቅልን።»

ቡልቻ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አየር ጤና ያሉት ጋሽ ደመቀ? ባለ ጃኬቱ?»

«እሱ።»

«እኔኮ በየቀኑ... ሰሞኑን ሌላ ሰው ቆሞ ሳይ ፈቃድ ወጥተው ነበር የመሰለኝ።» ተነስቶ ቆመ። ሀይፋም ተነሳች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ» አለ እሱ። «አላህ ያጽናዎት» አለች እሷ። የአስኮዎቹ ጩኸት ሁሉ ከምኔው እንደጠፋ አላውቅም፤ አንድ በአንድ እየመጡ እጇን ጨብጠው ተመለሱ። ጌም ቤቱ ለጥቂት ደቂቃ ለቅሶ ቤት ሆነ። በድንኳኑ ጊዜ ያልደረሱ እንግዶች ዛሬ ደረሱ ማለት ነው።

ለሁለተኛው ግጥሚያ ሳምሪ ሽበታሙን ያዘች። ክብሮም እጁ ለምዶ የኔሰው ላይ ቆመ።

«እሱንማ አይሆንም» አለች ጥሩብርሃን።

«እትዬ፣ ጥንድ ናቸው እኮ! ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው...»

«ዘጠኝ ዓመት ያላናገረውን ሰው በቴሌቪዥን አላስታርቀውም። እሱ በሕይወቱ ያልፈቀደውን እኔ ማን ነኝና ነው የምፈቅድለት?»

ክብሮም አየኝ፣ ጌድዮንም አየኝ። ያን ጊዜ የኔሰው አየር ጤና ላይ ያለኝን ነገርኳት፤ ብቻዬን እዚያ ምን እሠራለሁ ማለቱን። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፣ አላሳመርኩትም።

ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች። «ይህን ካለ ለአርባው ይምጣ። በር ላይ ሳይቆም ገብቶ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እናያለን። ዛሬ ግን አይሆንም።» ከዚያ ወደ ጌድዮን ዞራ፣ «ፍትሐቱ ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ዝጉልኝ። ሌላውን ጊዜ እንዳሻችሁ» አለች።

«እንዘጋለን፣ እትዬ።»

«ከሰማያዊው ሌላ ማን ይሁን ታዲያ?» አለ ክብሮም ግራ ገብቶት።

ጥሩብርሃን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። «ያቺ ትንሿ ማናት? ጸጉሯን የሸፈነችው?»

«ስም የላትም። ማንም አይዛትም፤ ቁልፎቿን የሚያውቅ የለም።»

«እሷ ትሁን። ሐሜት የለባትም።»

ክብሮም ትንሿን ያዘ። እንግዲህ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የሚማታ ሲይዝ የኖረ ነው፤ ትንሿ ደግሞ በገመድ ነው የምትማታው። ስትዘል ግድግዳ ትመታለች፣ ተማቺ ሲላት ትሰግዳለች። ሁለተኛውን ግጥሚያ አስኮዎች በቀላሉ ወሰዱ። አንድ ለአንድ ሆንን።

ሦስተኛው ላይ ክብሮም ሁለት ሦስት ቁልፍ አገኘላት፣ ነገሩ ተቀራረበ። ሳምሪ ብቻዋን ሁለቱንም ትታገላለች። መጨረሻ አካባቢ ሀይፋ የያዘችው ተደባዳቢ ሽበታሙን ከአየር ላይ ለቀመው፣ በጀርባው ተዘረረ። የኛዎቹ ሁሉ አፋቸው እስከ ግማሽ ተከፍቶ ቆመ። ሁሉም የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ጥሩብርሃንን ነበር።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ሰውዬው ወድቋል። ጥሩት እንጂ!»

«ደመቀ!» አለ ክብሮም።

ከዚያ ቤቱ በሙሉ ጠራው፣ አስኮዎችም ሳይቀሩ፤ የራሳቸው ተጫዋች መሬት ያስነካው መሆኑን ረስተው። ተነሳ። አንድ ሁለት ቡጢም አሳረፈ። ግን ጉልበቱ አልቆ ነበር፣ ክብሮምም ትንሿን ላስገባ ብሎ የተሳሳተ ቁልፍ ነካና እዚያው በቆመችበት ሰገደች። አስኮዎች አሸነፉ።

ዋንጫውን ቡልቻ ተቀበለ፤ ቆርቆሮ ናት፣ ጌድዮን ነው ያሠራት። ሳምሪ ክብሮምን አንድ ሰዓት ሙሉ ስትወቅሰው ነበር፤ እሱም ጥፋቱን ለትንሿ ሰጠ። ጥሩብርሃን በርጩማዋን አንስታ ተነሳች።

«መልሱ መቼ ነው?»

«በጥር፣ እትዬ» አለች ሳምሪ። «ከአርባው በኋላ። እኛ ነን አስኮ የምንሄደው።»

«እንግዲያው እስከዚያ ያቺን ትንሿን ይልመዳት» አለች ወደ ክብሮም እያመለከተች፣ «ደመቀ የማይረባ ረዳት አይወድም።» እና በርጩማዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።